ፓስወርዱ ልክ ነው፤ ታዲያ ለምን አልገባም?



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ጠባብ ጉዳይ ነው። የዳታቤዝ ሰርቨር ወደ አዲስ ስሪት ሲሸጋገር፣ እስከ ትናንት ማታ ያለ ችግር ይገባ የነበረ ፕሮግራም ዛሬ ጠዋት «አትገባም» ሲባል ምን እንደተፈጠረ፣ እኛስ ምን ማድረግ እንደሚገባን። ጉዳዩ ጠባብ ይሁን እንጂ የሚያጉላላው ሰው ብዙ ነው። ቁጠባውን ሊያወጣ በቁጠባና ብድር ማኅበር ደጃፍ የተሰለፈ አባት፣ የላቦራቶሪ ውጤቷን የምትጠብቅ ነፍሰ ጡር፣ ትራንስክሪፕት ለማውጣት ከክፍለ ሀገር የመጣ ተመራቂ፣ ሁሉም የሚሰሙት መልስ አንድ ነው፤ «ሲስተም የለም»። ከዚህ መልስ ጀርባ አንዳንዴ ኔትወርክ አለ፣ አንዳንዴ መብራት አለ። አንዳንዴ ደግሞ እኛው አለን፤ ኢረሩን ሳናነብ የቀየርነው ፓስወርድ አለ።

ምሳሌዬን ከማይኤስኪውኤል እወስዳለሁ። እ.ኤ.አ. በ1995 ስዊድን ውስጥ የተጀመረ፣ በ2008 በሰን ማይክሮሲስተምስ የተገዛ፣ ከ2010 ወዲህ በኦራክል እጅ ያለ ዳታቤዝ ነው። በነፃ ስለሚገኝና ከፒኤችፒ ጋር ስለሚስማማ፣ በአገራችንም ብዙ የቢሮ ሲስተሞች የተሠሩት በእሱ ላይ ነው። 5.7 የተባለው ስሪት በ2015 ወጥቶ በኦክቶበር 2023 ድጋፉ ተቋረጠ። 8.0 ለሥራ የተለቀቀው በኤፕሪል 2018 ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ማለፉ ብዙ ባለሙያ እንቅልፍ ያሳጣ ሽግግር ስለሆነ፣ ነገሩን በእሱ ላይ ማየት ይቀላል።

እኔ የምለው ይህን ነው። በሽግግር ሰሞን የሚመጣ የፓስወርድ ኢረር፣ አብዛኛውን ጊዜ ፓስወርዱ ተሳስቷል ማለት አይደለም። ፓስወርዱ ያው ነው። የተለወጠው ማንነትን የማረጋገጫው መንገድ ነው፣ ወይም ፕሮግራሙ የመጣበት አድራሻ ነው፣ ወይም ፓስወርዱ የተጻፈበት ፋይል ነው። ስለዚህ ፓስወርድ ከመቀየር በፊት፣ ከዚያም በላይ ጥበቃውን ከማላላት በፊት፣ ፕሮግራሙ እስከ የት ደርሶ እንደቆመ ማወቅ ግዴታችን ነው። ይህን የሚነግረን ደግሞ ብዙዎቻችን ሳናነብ የምንዘጋው ያ የኢረር መልእክት ነው።

ከሩቁ እንጀምር። የኢረሩ ቁጥር 2003 ከሆነ ከሰርቨሩ ጋር ጨርሶ አልተገናኛችሁም። ፓስወርድ የጠየቃችሁ አካል የለም። ስለዚህ በዚህ ቁጥር ላይ ፓስወርድ የሚቀይር ሰው የሚለፋው በከንቱ ነው። መታየት ያለበት ሰርቨሩ ተነሥቷል ወይ፣ ፖርት 3306 ፋየርዎል ላይ ተከፍቷል ወይ፣ ሰርቨሩስ የሚያዳምጠው በየትኛው አድራሻ ነው የሚለው ነው። የመጨረሻው ጥያቄ በሽግግር ጊዜ ልዩ ቦታ አለው። ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ ፓኬጁ ሲሻሻል፣ የድሮውን የማስተካከያ ፋይል ልተው ወይስ በአዲሱ ልተካው ብሎ ይጠይቃል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደክሞት የተቀመጠ ሰው «ተካው» ብሎ ያልፋል። አዲሱ ፋይል ደግሞ ሰርቨሩ 127.0.0.1ን ብቻ እንዲያዳምጥ ያዛል፤ ማለትም ከራሱ ማሽን ውጪ ማንንም አይሰማም። ባለሙያው እዚያው ሰርቨሩ ላይ ሆኖ ሲሞክር ይገባል፤ ከጎን ያለው ቢሮ ግን አይገባም። ከዚያ «ፓስወርዱ ተበላሽቷል» የሚል ወሬ ይነሣል።

2002 ከሆነ ደግሞ ነገሩ እዚያው ማሽኑ ውስጥ ነው። በሊኑክስ ላይ «ሎካልሆስት» ብላችሁ ስትጽፉ የማይኤስኪውኤል ክላየንት በኔትወርክ አይሄድም፤ ሶኬት የሚባለውን ፋይል ይፈልጋል። «127.0.0.1» ብላችሁ ስትጽፉ ግን በኔትወርክ ይሄዳል። ለእኛ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ ለፕሮግራሙ ሁለት የተለያዩ መንገዶች ናቸው። አዲሱ ስሪት የሶኬቱን ፋይል ሌላ ማህደር ውስጥ ካስቀመጠው፣ አሮጌው ፕሮግራም በሌለበት ቦታ ሲፈልገው ይውላል። አንዱን ስም በሌላው ተክቶ መሞከር ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም፤ ስንት ሰዓት ያተርፋል።

1130 ሲመጣ ሰርቨሩ ጋ ደርሳችኋል፤ ግን ከመጣችሁበት አድራሻ ለመግባት የተፈቀደለት አንድም አካውንት የለም። አሁንም ፓስወርድ አልታየም። እዚህ ላይ አንድ መሠረታዊ ነገር እንያዝ። በማይኤስኪውኤል ዘንድ አካውንት ማለት ስምና አድራሻ አንድ ላይ ነው። ከሎካልሆስት የሚመጣ «ሂሳብ» የሚባል ተጠቃሚ እና ከ192.168.1.20 የሚመጣ «ሂሳብ» ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሁለት የተለያየ ፓስወርድ፣ ሁለት የተለያየ መብት ሊኖራቸው ይችላል። በሽግግሩ አጋጣሚ ፕሮግራሙን ወደ አዲስ ማሽን ያዛወረ ሰው፣ ሳያውቀው አዲስ ሰው ሆኖ መጥቷል።

ወደ 1045 እንምጣ። «አክሰስ ዲናይድ» የሚለው፣ ሁላችንም የምናውቀው ነው። ይህን መልእክት እስከ መጨረሻው አንብቡት እላችኋለሁ። የመጀመሪያው ክፍል ሰርቨሩ እናንተን በማን ስምና ከየት እንደመጣችሁ አድርጎ እንዳያችሁ ይናገራል። ከ192.168.1.20 መጣሁ ብላችሁ እያሰባችሁ እሱ የጻፈላችሁ ሌላ አድራሻ ከሆነ፣ በመካከል አድራሻ የሚቀይር ነገር አለ ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ያለው ቅንፍ ደግሞ «ዩዚንግ ፓስወርድ» ብሎ «የስ» ወይም «ኖ» ይላል። «ኖ» ካለ ክላየንቱ ምንም ፓስወርድ አልላከም። ትክክለኛውን ፓስወርድ አሥር ጊዜ ብትቀይሩት ለውጥ የለውም፤ ምክንያቱም ፕሮግራሙ ፓስወርዱን የያዘውን ፋይል አላነበበውም፣ ወይም ፋይሉ በሽግግሩ ጊዜ ቦታ ቀይሯል፣ ወይም የማንበብ ፈቃድ አጥቷል። «የስ» ካለ ፓስወርድ ተልኳል፤ የተላከው ግን እናንተ ያሰባችሁት ላይሆን ይችላል።

ይህን የመጨረሻውን ላስረዳ፤ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነውና። የማይኤስኪውኤል የማስተካከያ ፋይል ውስጥ # የሚለው ምልክት የማስታወሻ መጀመሪያ ነው፤ በመስመር መካከል ቢመጣም እንዲሁ ነው። ፓስወርዳችሁ ስምንት ፊደል ሆኖ አራተኛው ላይ # ካለበት፣ በጥቅስ ካልከበባችሁት ከ# ወዲያ ያለው ሁሉ ይቆረጣል። ክላየንቱ ሦስቱን ፊደል ብቻ ይልካል፤ ሰርቨሩም በትክክል ይከለክለዋል። በሊኑክስ ትእዛዝ መስመር ላይ ደግሞ $ እና ! የራሳቸው ትርጉም አላቸው። የግንኙነት አድራሻን በአንድ መስመር በሚጽፉ ፕሮግራሞች ውስጥ ፓስወርዱ @ ወይም / ካለበት፣ ፕሮግራሙ መስመሩን በተሳሳተ ቦታ ቆርጦ የሰርቨሩን ስም ሊስት ይችላል። የደኅንነት መመሪያ «ጠንካራ ፓስወርድ ተጠቀሙ፣ ምልክት ጨምሩበት» ብሎ ስለሚያዝ፣ በሽግግሩ ቀን አዲስ ፓስወርድ ያወጣ ሰው ይህ ሊገጥመው ይችላል። ፓስወርዱን በእጁ ሲጽፈው ይገባል፤ ከፋይል ሲነበብ አይገባም። ይህ ልዩነት ከታየ ምርመራው አለቀ ማለት ነው።

ሌላም አለ። ሰርቨሩ «እንዲህ የሚባል ሰው የለም» ብሎ አይነግራችሁም። ስሙ ባይኖርም፣ ፓስወርዱ ቢሳሳትም መልሱ ያው 1045 ነው። ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ ስም እየገመተ የሚፈልግ ሌባ ፍንጭ እንዳያገኝ። ለእኛ ግን አንድ ወጥመድ ይፈጥራል። በ5.7 ዘመን «ግራንት» በሚለው ትእዛዝ መብት መስጠትና በዚያው አካውንቱን መፍጠር ይቻል ነበር። 8.0 ይህን አስቀርቷል፤ አካውንቱ መጀመሪያ «ክሪኤት ዩዘር» ተብሎ መፈጠር አለበት። ለዓመታት የሠራ አሮጌ የመጫኛ ስክሪፕት በአዲሱ ላይ ሲሮጥ አካውንቱ አይፈጠርም፤ ስክሪፕቱ ያሳየውን ኢረር ማንም አላየም፤ በኋላ የሚታየው 1045 ብቻ ነው። ያኔ የሌለን ሰው ፓስወርድ ለማስተካከል መድከም ይመጣል።

አሁን ዋናው ላይ ደርሰናል፤ ትንሽ ታገሡኝ።

አሮጌው የማረጋገጫ ዘዴ «ኔቲቭ ፓስወርድ» ይባላል። የመጣው ከ4.1 ስሪት ጋር ነው፤ 4.1 ለሥራ የተለቀቀው በ2004 ነው። ያኔም ቢሆን ሽግግሩ ቀላል አልነበረም። ከዚያ በፊት የተቀመጠው ሃሽ፣ ማለትም የፓስወርዱ ስሌት ውጤት፣ 16 ፊደል ነበር፤ አዲሱ በኮከብ ምልክት የሚጀምር 41 ፊደል ሆነ። አሮጌ ክላየንት ያላቸው ሁሉ 1251 የሚል ኢረር እየተቀበሉ «ክላየንታችሁን አሻሽሉ» ተባሉ። ስለዚህ ዛሬ የሚገጥመን ነገር አዲስ አይደለም፤ በአሥራ አራት ዓመት ልዩነት የተደገመ ነው።

ኔቲቭ የሚሠራው እንዲህ ነው። ሰርቨሩ ፓስወርዱን ራሱን አያስቀምጥም፤ ሻ ዋን በተባለ ስሌት ሁለት ጊዜ አስልቶ ውጤቱን ያስቀምጣል። ክላየንቱ ሲመጣ ሰርቨሩ 20 ባይት የዘፈቀደ ቁጥር ይልክለታል። ክላየንቱ ይህን ቁጥር ከፓስወርዱ ሃሽ ጋር አዋሕዶ አስልቶ መልስ ይልካል። ፓስወርዱ በኔትወርኩ ላይ አያልፍም። ጥሩ ዘዴ ነበር። ድክመቱ በተቀመጠው ሃሽ ላይ ነው። ሶልት የሚባለው፣ ለየአካውንቱ የሚጨመረው የዘፈቀደ ቅንጣት የለውም። ሁለት ሠራተኞች አንድ ዓይነት ፓስወርድ ካላቸው ሃሻቸውም አንድ ነው፤ ሠንጠረዡን የሰረቀ ሰው በዓይኑ ያየዋል። ስሌቱም ፈጣን በመሆኑ፣ በዘመኑ ግራፊክስ ካርድ በብዛት እየገመቱ መሞከር ይቻላል።

በ8.0 ነባሪ የሆነው ዘዴ «ካሺንግ ሻ ቱ ፓስወርድ» ነው። ሶልት ይጨምራል፣ ሻ 256 የተባለውን ስሌት 5000 ዙር ይደጋግማል። ሃሹ ቢሰረቅ እንኳ ለመገመት እጅግ አድካሚ ነው። ይህ ጥንካሬ ግን የሚጠይቀው ነገር አለ። ሰርቨሩ በዚህ መልክ ያስቀመጠውን ለማመሳከር ክላየንቱ ፓስወርዱን ራሱን ማሳየት አለበት። ፓስወርዱን ራሱን በግልጽ ኔትወርክ ላይ መላክ ደግሞ አይታሰብም። ስለዚህ መንገዱ የተጠበቀ ይሁን ይላል፤ ወይ ቲኤልኤስ የተባለው የግንኙነት ምስጠራ፣ ወይ በዚያው ማሽን ውስጥ ያለ ሶኬት፣ ወይ በሰርቨሩ የአርኤስኤ ፐብሊክ ኪ ተመስጥሮ የተላከ ፓስወርድ። አንዴ ይህን ፈተና ካለፋችሁ ሰርቨሩ ፈጣን ማመሳከሪያ በሜሞሪ ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ እንደ አሮጌው በጥያቄና መልስ ብቻ ያስገባችኋል። «ካሺንግ» የተባለው ለዚህ ነው። የግቢ ጥበቃ የመጀመሪያ ቀን መታወቂያ አይቶ አስገብቶ፣ ከዚያ በኋላ በመልክ እንደሚያሳልፈው ማለት ነው። ፈረቃ ሲቀየር ግን አዲሱ ጥበቃ እንደገና መታወቂያ ይጠይቃል። ሰርቨሩ ሲጠፋና ሲነሣ ሜሞሪው ባዶ ይሆናል፤ ፓስወርድ ሲቀየርና «ፍላሽ ፕሪቪሌጅስ» ሲባልም እንዲሁ።

ይህ በሥራ ላይ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ቅዳሜ ሽግግሩ ይጠናቀቃል። ባለሙያው ለፕሮግራሙ አዲስ አካውንት ይፈጥርና ሰርቨሩ ላይ ተቀምጦ በዚያው ስም ይገባል፤ በሶኬት ነውና የተጠበቀ መንገድ ነው፣ ያልፋል። አካውንቱ ከየትም አድራሻ እንዲገባ የተፈቀደለት ከሆነ፣ አሁን በሜሞሪ ተይዟል። ከዚያ ፕሮግራሙ ያለ ቲኤልኤስ ከሌላ ማሽን ሲመጣ በፈጣኑ መንገድ ይገባል። ሰኞ ሥራ ይጀመራል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል፣ ሪፖርት ይጻፋል። ረቡዕ መብራት ይሄድና ሰርቨሩ ጠፍቶ ይነሣል። ሜሞሪው ባዶ ነው። ፕሮግራሙ ሲመጣ «ኦተንቲኬሽን ሪኳየርስ ሴኪውር ኮኔክሽን» ይባላል፤ ቁጥሩ 2061 ነው። ማንም ምንም አልነካም። ሰዉ ሁሉ «መብራቱ ነው ያበላሸው» ይላል። አንዱ ተነሥቶ ሰርቨሩ ላይ በዚያው ስም ይገባል፣ «ለእኔ ይሠራል እኮ» ይላል፤ እሱ በገባበት ቅጽበት ሜሞሪው ስለሞላ ፕሮግራሙም ይሠራል። ችግሩ በራሱ የተፈታ ይመስላል፤ እስከሚቀጥለው የመብራት መጥፋት ድረስ። ይህን የማያውቅ ባለሙያ ለወራት ጥላ ሲያሳድድ ሊኖር ይችላል።

መፍትሔው የታወቀ ነው፤ በክላየንቱ በኩል ቲኤልኤስ ማብራት። 8.0 ሲነሣ ሰርተፍኬት ከሌለው ራሱ ይሠራል፤ የሚገዛ ነገር የለም። በጃቫ የተሠራ ሲስተም ያላችሁ «ፐብሊክ ኪ ሪትሪቫል ኢዝ ኖት አላውድ» የሚል ኢረር ታያላችሁ። ብዙ ሰው ቁልፉን ከሰርቨሩ እንዲቀበል በአንድ ቃል ይፈቅድና ያልፋል። ይህ ይሠራል፤ ግን በመካከል የገባ አጭበርባሪ የራሱን ቁልፍ ሊሰጥ ይችላል። ቲኤልኤስን ማብራት ወይም ቁልፉን አስቀድሞ በፋይል መስጠት ይሻላል። የቅጂ ሰርቨር ያላችሁም እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ሬፕሊኬሽን የሚጠቀምበት አካውንት በዚሁ ሕግ ይተዳደራል፣ ከቆመ ደግሞ ቶሎ የሚጮህ ሰው የለውም።

አሮጌ ክላየንቶች ግን ይህን ዘዴ ጨርሶ አያውቁትም። ፒኤችፒ በወጉ የደገፈው ከ7.4 ጀምሮ ነው። ከዚያ በታች የሆነ ሲስተም «ሰርቨሩ የጠየቀኝን ዘዴ አላውቀውም» ብሎ ይቆማል። እጅግ የቆዩት ደግሞ እዚያም አይደርሱም፤ አዲሱ ሰርቨር ገና ሰላምታ ሲለዋወጥ 255 የሚል የፊደል ስብስብ ቁጥር ሲነግራቸው ግራ ይጋባሉ። እዚህ ላይ በአንድ ጥያቄ ብዙ የሚገኝበት ዘዴ አለ፤ የድሮ አካውንት ይገባል ወይ? በዚያው ቦታ ከ5.7 የተሸጋገሩ አካውንቶች ኔቲቭነታቸውን ይዘው ይቀጥላሉ፤ አዲሱን ዘዴ የሚይዙት ከሽግግሩ በኋላ የተፈጠሩት ናቸው። የድሮው ገብቶ ትናንት የተፈጠረው ካልገባ፣ ችግሩ ዘዴው ነው፤ ፓስወርዱን ተዉት።

ታዲያ አዲሱን አካውንት ወደ ኔቲቭ መመለስ ይቻላል ወይ? በ8.0 ይቻላል። እኔ ለጥቂት ሳምንት መሸጋገሪያ ከሆነ አልቃወምም፤ ሕዝብ ተሰልፎ እያለ ፒኤችፒ ይሻሻል ተብሎ አይጠበቅም። ግን ቀን ይቆረጥለት። በኤፕሪል 2024 የወጣው 8.4 ኔቲቭን ዘግቶት ይመጣል፤ ካልከፈቱት አይሠራም። በጁላይ 2024 የወጣው 9.0 ደግሞ ከነጭራሹ አውጥቶታል። ዛሬ የተመለሰ ሁሉ ነገ በባሰ ሁኔታ ይመጣል። ፖስትግሬስኪውኤል የምትጠቀሙም ከዚህ አታመልጡም፤ ከ14 ስሪት ጀምሮ ነባሪው የፓስወርድ ዘዴ ስክራም የተባለው ሆኗል፣ የፈቃድ ፋይሉም በፒጂ አፕግሬድ ከአሮጌው ወደ አዲሱ አይዛወርም።

የማልስማማባቸውን መፍትሔዎች በግልጽ ልናገር። ጭንቅ ሲመጣ «ሩት» የተባለውን አካውንት ከየትም አድራሻ እንዲገባ መክፈት፣ ፕሮግራሙንም በሩት ማስገባት፤ ፓስወርዱን ባዶ ማድረግ፤ ሰርቨሩን የፈቃድ ሠንጠረዡን እንዳያይ አድርጎ ማስነሣት። የመጨረሻው ፓስወርድ ለጠፋበት ሰው የተፈቀደ የመጨረሻ መንገድ ነው። 8.0 በዚህ ሁኔታ ሲነሣ ኔትወርኩን ራሱ ይዘጋል፤ 5.7 ግን አይዘጋም፣ ያለ ምንም ፓስወርድ ለሁሉ ክፍት ሆኖ ይቆማል። ፓስወርድ የጠፋበት ሰው፣ አዲሱን ፓስወርድ የሚሰጥ አንድ መስመር በፋይል ጽፎ ሰርቨሩ ሲነሣ እንዲያነበው ቢያደርግ ይሻለዋል፤ ፋይሉንም ወዲያው ይደምስሰው። እነዚህ መንገዶች የሚመርሩኝ አይሠሩም ብዬ አይደለም። ይሠራሉ፤ ስለሚሠሩም ማንም ተመልሶ አይዘጋቸውም። ለአንድ ሌሊት ተብሎ የተከፈተ ሩት ዓመታት ክፍት ሆኖ ይገኛል፤ ውስጡ ያለው ደግሞ የሰው ቁጠባና የሰው ሕመም ነው።

በኮንቴይነር የምትሠሩ ወጣቶች አንድ ነገር ያዙልኝ። በዶከር የሚሰጠው የሩት ፓስወርድ የሚሠራው የዳታው ማህደር ባዶ ሲሆን ብቻ ነው። ስሪቱን ከ5.7 ወደ 8.0 ቀይራችሁ፣ በዚያው አዲስ ፓስወርድ ጽፋችሁ ብታስነሡት፣ ነባሩ ዳታ የያዘው የድሮው ፓስወርድ ይጸናል። «ሌተስት» የሚለውን ስያሜም በሥራ ላይ ባለ ሲስተም አትጠቀሙ፤ በ2018 ሰርቨራቸው ሳያስቡት ከ5.7 ወደ 8.0 የዘለለባቸው ነበሩ።

ሥራውን ከሚያቀሉት ውስጥ ትልቁ ከሽግግሩ በፊት ያለው ሳምንት ነው። የአካውንቶችን ሠንጠረዥ አውጡ፤ ስሙን፣ አድራሻውን፣ የትኛውን የማረጋገጫ ዘዴ እንደሚጠቀም። ከእያንዳንዱ አጠገብ የሚጠቀምበትን ፕሮግራምና የክላየንቱን ስሪት ጻፉ። ብዙ ቦታ ይህ ዝርዝር የለም። ሲስተሙን የሠራው ልጅ ሥራ ቀይሯል፣ ስልኩ አይነሣም፣ ፓስወርዱ በአንድ ፋይል ውስጥ ተቀብሯል። እንዲህ ያለውን ቦታ ከሽግግሩ በፊት ማወቅና በሽግግሩ ሌሊት ማወቅ አንድ አይደለም። በማይኤስኪውኤል ሼል ውስጥ ከሽግግር በፊት ሰርቨሩን የሚመረምር መሣሪያ አለ፤ አሂዱት። ከ5.6 በቀጥታ ወደ 8.0 መዝለል እንደማይፈቀድ፣ ከ8.0 ወደ 5.7 መመለስም እንደሌለ እወቁ። የመመለሻ መንገዳችሁ ባክአፕ ብቻ ነው፤ በሌላ ማሽን ላይ ተመልሶ ያልተሞከረ ባክአፕ ደግሞ አይቆጠርም። የድሮውን የሲስተም ዳታቤዝ እንዳለ አውጥታችሁ አዲሱ ላይ አትጫኑ፤ የሠንጠረዦቹ ቅርጽ ተለውጧል። አካውንቶቹን በትእዛዝ መልክ አውጥታችሁ እንደገና ፍጠሯቸው።

ከጨረሳችሁ በኋላ ሰርቨሩን አጥፍታችሁ አስነሡት። ከዚያ ሰርቨሩ ላይ ሳትገቡ፣ ከፕሮግራሙ ማሽን፣ በፕሮግራሙ አካውንት ሞክሩ። ስትገቡም የሰርቨሩን ስሪት፣ ፖርቱንና የዳታ ማህደሩን ጠይቁት። አሮጌው ሰርቨር በጎን ሳይዘጋ ቀርቶ፣ አዲሱ 3307 ላይ ተነሥቶ፣ ሁሉም ሰው ሳያውቀው በአሮጌው ላይ ሲጽፍ የዋለበት ቦታ አለ። ይህ ከማንኛውም ኢረር የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ኢረር የለውም።

ለእኛ ለአማርኛ ተጠቃሚዎች አንድ የምጨምረው አለ። በድሮዎቹ ስሪቶች ነባሪው የፊደል ስብስብ ላቲን ዋን ነበር፤ 8.0 ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4 አድርጎታል። ብዙ የቆዩ ሲስተሞች አማርኛውን በላቲን ዋን ሠንጠረዥ፣ በላቲን ዋን ግንኙነት አስቀምጠውታል። ባይቶቹ ሳይነኩ ገብተው ሳይነኩ ስለሚወጡ፣ ስሙ በስክሪኑ ላይ ደህና ይታይ ነበር። ከሽግግሩ በኋላ ግንኙነቱ ራሱን በአዲሱ ሲያስተዋውቅ፣ ሰርቨሩ ያልተባለውን ትርጉም ይሠራና «አበበ» የነበረው ዝብርቅርቅ ምልክት ይሆናል። ፓስወርዱ አለፈ፣ ግንኙነቱ ተሳካ፣ የሰውየው ስም ግን ጠፋ። እዚህ ላይ ደፍሮ የሚያስተካክል ሰው መጀመሪያ ግንኙነቱን ወደ ድሮው ስብስብ መልሶ ይሞክር። ስሙ ከተመለሰ ዳታው አልተጎዳም፤ ከዚያ በኋላ ተረጋግቶ በባክአፕ ላይ ይለውጠው። ሳያጣራ ሠንጠረዡን የለወጠ ግን ዝብርቅርቁን ለዘላለም ያጸናዋል።

የማሳስባችሁ ይህን ነው። ነገ ቢሮ ስትገቡ የአካውንት ሠንጠረዣችሁን ክፈቱ፤ ኔቲቭ ፓስወርድ የሚል ያለበትን ሁሉ ቁጠሩ፤ የእያንዳንዱንም ባለቤት ስም ጻፉና ለኃላፊያችሁ ስጡ። ኦራክል ለ8.0 የያዘው የድጋፍ ማብቂያ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2026 ነው፤ ከዚያ ወዲያ ድጋፍ ያላቸው ስሪቶች ኔቲቭን ወይ ዘግተውታል ወይ የላቸውም።

ጥያቄ ያላችሁ፣ የኢረሩን መልእክት ሙሉውን ይዛችሁ ኑ።